የዝም አሰኚው ቀለበት

ከጋራዡ በር ገባ እንዳላችሁ፣ በስተቀኝ ግድግዳ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ቀለበት እዩት። እንደ ሌላው ሰው አትለፉት፤ ቁሙና እዩት። ስፋቱ መዳፍ ያክላል። ዙሪያውን ትንንሽ ጥርስ አለው። አዲስ ሲሆን ቢጫ ነው፣ ያብረቀርቃል። ይኼኛው ግን እሳት የላሰው ይመስል ጠቁሯል። የጥርሶቹ ጫፍ ተበልቶ የሸመገለ ውሻ ጥርስ መስሏል፤ የውስጥ ፊቱን በጥፍራችሁ ብትፍቁት ጥፍር የሚይዝ ነገር የለውም፣ ሙልጭ ብሏል። ይህ የጣት ቀለበት አይደለም። የካምቢዮ ቀለበት ነው። ሹፌር ከሦስተኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ሲመልስ፣ በየራሳቸው ፍጥነት የሚሽከረከሩ ሁለት ብረቶች ሳይጣሉ እንዲገጥሙ መሀል ገብቶ የሚያስማማቸው እሱ ነው። እሱ ከተበላ አስማሚ የለም። ማርሹ ይንጫጫል እንጂ አይገባም።

በዚህ ቀለበት ምክንያት አንዲት ሴት አፈር ለብሳለች። ሌላዋ እስር ቤት ናት። ሚስማሩን የመታው ሰውዬ ደግሞ ወደ ጋራዡ ብቅ ያለውን ሁሉ «እባክህ እየው» ይላል። የሚያየው የለም። ሁሉም የሚያየው ሰዓቱን ነው።

ሰውዬውን ሰፈሩ «ዝም አሰኚው» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በፍቅር ነው። ሥራው ካምቢዮ ብቻ ነው፤ ሞተር አይነካም፣ ፍሬን አይነካም። ካምቢዮው የሚያላዝን መኪና በበሩ ይገባል፣ ድምፁ ጠፍቶ ይወጣል። ከሌላ ሰፈር፣ አንዳንዴም ከሌላ ከተማ ድረስ እየጎተቱ ያመጡለት ነበር።

በወጣትነቱ የአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ የመኪና ዕቃ አጣቢ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ክንዱን ናፍጣ ውስጥ ነክሮ የሚውል። አለቃው ዘንጎቹ የሚሽከረከሩበት ኩሽኔታ ያለቀበት ካምቢዮ ሲገጥመው ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ ያስመጣና ከዘይቱ ጋር ቀላቅሎ ይጨምርበታል። መኪናው እስኪሸጥ ድረስ ድምፁ ይጠፋል፤ ገዢው ቤቱ ሳይደርስ ደግሞ ካምቢዮው ይበታተናል። ዝም አሰኚው ይህን አይቶ ተጸየፈ። እውነቱን እንስጠው፣ ከልቡ ነው የተጸየፈው። የራሱን ጋራዥ ሲከፍት መጀመሪያ የማለው ሰጋቱራ ደጃፉን እንዳይረግጥ ነው። አልረገጠምም። በዚያች በአንዷ ነገር ዕድሜ ልኩን ራሱን ንጹሕ ሰው አድርጎ ኖረ።

ከሰጋቱራ የሸሸው ሰው ሌላ ነገር ላይ ወደቀ። አንድ ቀን የካምቢዮ ዘይት አለቀበት። ደንበኛው ራሱ ላይ ቆሞ ያጣድፈዋል። ጥግ ላይ ካለው በርሜል፣ ለኋላ ጎማዎቹ ዲፈረንሻል ከሚቀዳው ወፍራም ዘይት ቀድቶ ሞላለትና ሸኘው። ሲያላዝን የመጣው ካምቢዮ ጸጥ አለ። ወፍራም ዘይት ላለቀ ኩሽኔታ እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ድምፁን ያፍነዋል እንጂ አያድነውም። እሱ ግን ያዳነው መሰለው። ከዚያ ወዲያ ቀጭኑን ዘይት መግዛት ተወ። በርሜሉ ላይ ቧንቧ አስገጠመ፣ ላዩ ላይ ጣውላ አጋደመ፣ ምሳውንም እዚያው ላይ ተቀምጦ ይበላ ጀመር።

ሥራ የሚያስረክብበት የራሱ መንገድ ነበረው። ደንበኛውን ከጎኑ ያስቀምጣል፤ ራዲዮ ያስጠፋል፤ መስኮት ያዘጋል፤ ሰፈሩን አንድ ዙር ያዞረዋል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሲደርስ «ምን ትሰማለህ?» ይለዋል። ሰውዬው ጆሮውን ቀስሮ ቆይቶ «ምንም» ይላል።

«የሸጥኩልህ እሱን ነው እንግዲህ። ምንም።»

ይሳሳቃሉ። ደንበኛው ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ለጎረቤቱ ነግሮ ይሄዳል። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ከመኪናው ወርዶ «ውስጡስ እንዴት ሆነ?» ያለ አንድ ሰው የለም። እኛ እንዲህ ነን። የሚጮህብን ነገር ዝም ካለልን ታመመ ዳነ ብለን አንጠይቅም። ዓመት ቆይቶ ማርሹ መንጫጨት ሲጀምር ደንበኛው ሌላ በሽታ ይመስለዋል፤ ዝም አሰኚውም ከካምቢዮው ጥቁር ቀለበት ያወጣና «አነዳድህ ነው፣ እጅህ ይከብዳል» ይለዋል። ውሸቱን አልነበረም፤ እንደዚያ ነበር የሚያምነው። ሰው የራሱን ስህተት በሌላ ሰው እጅ ላይ ለማየት ብዙ ትምህርት አያስፈልገውም።

ሚስቱ ቶሎ ነው የሞተችበት። አንዲት ሴት ልጅ ጥላለት ሄደች። ልጅቷን ያሳደጋት ጋራዡ ነው ማለት ይቻላል። ከትምህርት ቤት መጥታ የቤት ሥራዋን በርሜሉ ላይ ትሠራለች፤ ደብተሮቿ ሁሉ የቅባት ጣት አለባቸው። አክስቶቿ «ሴት ልጅ እዚህ ዘይት ውስጥ ምን ትሆናለች» እያሉ ሲያማርሩ እሱ «ትሸታለች እንጂ አትሞትም» እያለ ያስቃቸው ነበር። ካደገች በኋላ መንዳት እፈልጋለሁ ስትለው ራሱ አስተማራት። ያስተማራት ከጋራዡ በታች ባለው ረጅም ቁልቁለት ላይ ነው፤ ከታች በልብስ ስፌት ፋብሪካው በር የሚያልቀው። አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠናት። «ቁልቁለትን በፍሬን አትወርጂም፣ በማርሽ ነው የምትወርጂው። የውሃ ታንከሩ ጋ ስትደርሺ ሁለተኛ።» ይህን በእንቅልፍ ልቧም ቢጠይቋት ትመልሰዋለች። ታንከሩ ጋ ሁለተኛ።

አሮጌ ሚኒባስ ገዛች። የፋብሪካውን ሴቶች ጠዋት ታወርዳለች፣ ማታ ታወጣለች። የሚኒባሷ ካምቢዮ ሦስተኛ ላይ ያላዝን ነበር። ሴቶቹ ስም አወጡለት፤ «ዘፋኙ» አሉት። ስሙን ያወጣችው ከፊት የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ ናት። ይህችን ሴት እወቋት። ከኋላ ስትቀመጥ ስለሚያጥወለውላት የፊት ወንበር የሷ ነበር፤ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ካገኘች በነገር ወግታ ታስነሳዋለች። ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ሳቋ ከሚኒባሱ ጡሩምባ በፊት ይደርሳል።

አንድ ጠዋት ሾፌሯን «አባትሽ የአገሩን ሁሉ አፍ ይዘጋል፣ የራሱ ልጅ ግን እያለቀሰች ትሄዳለች» አለቻት። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ልጅቷም እየሳቀች ወሬውን ለአባቷ አደረሰችለት። እሱ ግን አልሳቀም። ተወጋ። «ቅዳሜ አምጪው» አላት።

በርሜሉ ወደ ማለቁ ስለነበር ዘይት ሊገዛ ወጣ። ነዳጅ ማደያው አጠገብ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ ዘይት የምትሸጥ ሴት አለች። ለምን እንደሚፈልገው ጠየቀችው። ለልጄ ካምቢዮ አላት። ቆርቆሮውን አዙራ ጽሑፉን አሳየችው።

«ጋሼ፣ ይኼ የዲፈረንሻል ነው። ለካምቢዮ ቀጭኑን ይውሰዱ። የመኪናው መጽሐፍ ላይም እሱ ነው የተጻፈው።»

«ቀጭን ዘይት ለልብስ ስፌት መኪና ነው፣ የኔ እህት። ደግሞ እኔ የምጠግነው መኪና ነው፣ መጽሐፍ አይደለም።»

ሱቁ ውስጥ ወረፋ የያዙት ሹፌሮች ሳቁ። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሴትዮዋ ወፍራሙን ቀዳችለት። እኔን የሚያናድደኝ ያ ሳቅ ነው። አንዱ እንኳ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ቆይ፣ ምን ይሆን የተጻፈው?» ብሎ ቆርቆሮውን ቢያነብ ምን ይጎድልበት ነበር? ማንበብ የማይችል ሰው አልነበረም እዚያ። የጎደለው ዓይን አይደለም፤ ሴትዮዋን ማሳፈሩ ስለጣፈጣቸው ነው።

ቅዳሜ ሞላላት። ከጎኑ አስቀምጧት፣ መስኮት አዘግቶ፣ ሰፈሩን አዞራት።

«ምን ትሰሚያለሽ?»

«ምንም፣ አባዬ።»

«ምንም ነው የሸጥኩልሽ። ላንቺ በነፃ።»

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ጆሮዋን ጣለችና «ምነው፣ ዘፋኙን ገደላችሁት እንዴ?» አለች። እሷ ያለችው ለቀልድ ነው።

ወራት አለፉ። አንድ ዳቦ አከፋፋይ ማርሽ አልገባ ያለው መኪና ይዞ መጣ። ካምቢዮው አዲስ የሚባል ነው። ዝም አሰኚው ራሱ ባለፈው ዓመት ኩሽኔታውንም ቀለበቶቹንም በአዲስ ቀይሮ፣ ከበርሜሉ ሞልቶ፣ ዝም አሰኝቶ የሸኘው ነው። ሲያወርደውና ሲከፍተው የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ መጣ። ቀለበቶቹን አወጣ። ጥቁር ናቸው። ጥርሳቸው ተበልቷል። በገዛ እጁ ቢጫ ሆነው ያስገባቸው ቀለበቶች ናቸው። ዳቦ አከፋፋዩ ደግሞ ዳቦ ከመጀመሩ በፊት እንቁላል ጭኖ የኖረ ሰው ነው፤ እጁ ይከብዳል ተብሎ አይታማም። ምን ይበል? ካምቢዮው አላረጀ፣ የሹፌሩ እጅ አልከበደ። በመሀል የቀረ አንድ ነገር ነበር፤ የሚቀመጥበት በርሜል።

ቀለበቱን ኪሱ ከቶ ዘይት ሻጯ ጋ ሄደ። ሱቁ ከሰው እስኪጠራ ድረስ ውጭ ቆመ። ገብቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። መነጽሯን አድርጋ አገላብጣ አየችና «በልቶታል» አለች። ነግሬዎት ነበር አላለችም። የዲፈረንሻሉ ዘይት ውስጥ ብረት ከብረት ጋር በኃይል ሲፋተግ እንዳይጎዳ የሚጨመር ቅመም እንዳለ፣ ያ ቅመም ቢጫውን ብረት ቀስ እያለ እንደሚበላ፣ ደግሞም ቀለበቱ መያዝ ያለበትን ነገር እንዳይዝ እንደሚያሟልጨው አስረዳችው። ዘይቱ መጥፎ ዘይት አይደለም አለችው፤ ቦታው አይደለም እንጂ። አንድ ቆርቆሮ ቀጭኑን ገዛ። የት እንደያዘው ታውቃላችሁ? ካፖርቱ ውስጥ። መጠጥ ደብቆ እንደሚወስድ ሰው፣ የጎረቤት መካኒኮች እንዳያዩት በብብቱ ይዞ ነው ጋራዡ የገባው።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ነውና። ሰውዬው አሁን ያውቃል። የልጁ ሚኒባስ ውስጥ ያለው ዘይት ያ ዘይት ነው። በየጠዋቱ የሰው ልጅ ሞልታ የምትወርድበት ቁልቁለት ያ ቁልቁለት ነው። ቀጭኑ ዘይት ተገዝቷል፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ቀለበት መቀየር ደግሞ የዕለት እንጀራው ነው። የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «የተሳሳተ ዘይት አድርጌብሻለሁ።» ሦስት ቃል።

በዚያ ምሽት ልጅቷ እራት ልታቀርብለት ቤት መጣች። እሁድ ሚኒባሱን አምጪልኝ፣ አንድ ነገር ልይልሽ አላት።

«ምን ሆኖ? ዝም ብሏል እኮ። ሁለተኛዋ ጠዋት ጠዋት እምቢ ትለኛለች እንጂ ሌላው ሰላም ነው።»

ሁለተኛዋ እምቢ ትለኛለች። በገዛ አፏ ነገረችው። አፉን ከፈተ፤ ይህን ራሱ ነው የሚናገረው፣ ከፍቼው ነበር ይላል። ከዚያ «ምንም አይደለም፣ እንዲያው ልየው ብዬ ነው» አለ። እሷም እሁድ ፋብሪካው ትርፍ ሰዓት እንዳለውና ሴቶቹን ማመላለስ እንዳለባት፣ የሚቀጥለው እሁድ እንደምታመጣው ነገረችው። እሱም ይሁን አለ። ይሁን። ሳህኑን ጠራርጎ በላ። ያፈረው ከማን ነው ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ከልጁ? ልጁ ትስቅበት ነበር እንጂ አታዋርደውም። ያፈረው ከስሙ ነው። ሦስቱን ቃላት ለአንድ ሰው ከተናገረ ለሁሉም መናገር ሊኖርበት ነው፤ ያ ሁሉ መኪና፣ ያ ሁሉ «ምንም»፣ ያ ሁሉ ሳቅ። ሳምንት ነው ብሎ ራሱን አታለለ። ሰው በልጁ ነፍስ ላይ ሳምንት ይበደራል? ይበደራል። ሁላችንም እንበደራለን። ለዚህ ነው የምናደደው።

የተቀጠሩት እሁድ ከመድረሱ በፊት፣ አስፋልቱን ካፊያ ባረጠበው ጠዋት፣ ሚኒባሷ ሴቶቿን ጭና ቁልቁለቱ አናት ላይ ደረሰች። ታንከሩ ጋ ሁለተኛ። ሾፌሯ ሦስተኛዋን አውጥታ ወደ ሁለተኛ ሳበች። ክርርር አለ። ፍሪሲዮኑን ደግማ ረግጣ፣ ነዳጅ ሰጥታ፣ እንደገና ሞከረች። ክርርር። ከፊት የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ «ዘፋኙ ተመለሰ በሉኝ» አለች፤ ከኋላ ሳቁ። ሾፌሯ ወደ ሦስተኛ ልትመልስ ሞከረች። እሱም እምቢ አለ። መኪናው ያለ ማርሽ ቀረ፤ የሚይዘው ፍሬን ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ያዘ። ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ከዚያ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ከኋላ የነበረው ሳቅ መቼ እንደቆመ ማንም አያስታውስም። ከታች የፋብሪካው በር ተከፍቶ የጠዋቱ ሠራተኛ እየተጋፋ እየገባ ነበር። ሾፌሯ ወደዚያ አልሄደችም። መሪውን ወደ አጥሩ ጠመዘዘችው። ግንቡን የመታው የፊት ወንበሩ ጎን ነው።

ልብስ ሰፊዋ ሆስፒታል አልደረሰችም።

ዝም አሰኚው ልጁን ያገኛት ክንዷ በጄሶ ታስሮ፣ ፊቷ በመስታወት ተቧጭሮ፣ የሆስፒታል ክፍሏ በር ላይ ፖሊስ ቆሞ ነው። «አባዬ፣ ማርሽ ሳትኩ» አለችው። ያኔም ሦስቱ ቃላት አልወጡም። «ዕረፊ» ብቻ አላት። ያችን ሴት እኔ ገደልኳት ብላ በምታምን ልጁ ራስጌ ተቀምጦ፣ ግንባሯን እየደባበሰ፣ ዕረፊ። ልብስ ሰፊዋን ሲቀብሩም ቆሞ ነበር። ሁለቱ ልጆቿ የአንዱ እጅ በሌላው ተይዞ ከፊት ቆመው ሲያይ ወደ ኋላ፣ ከሰው ጀርባ አፈገፈገ።

የትራፊክ ባለሙያው የጻፈው መኪናው ዜሮ ማርሽ ላይ እንደተገኘ ነው። ሹፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተው ቁልቁለት እንደሚለቁት ሁሉም ያውቃል። ሾፌሯ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰች። እሷ ደግሞ ስትጠየቅ ሞክሬ እምቢ አለኝ ከማለት ሌላ የምታክለው አልነበራትም፤ ማርሹ ለምን እምቢ እንዳላት አታውቅማ።

በፍርድ ቤቱ ውስጥ ዝም አሰኚው ለመከላከያ ምስክርነት ተጠራ። የመጣው ስለ ልጁ ጠባይ ሊመሰክር ነው ተብሎ ነበር። ቃለ መሐላ ፈጽሞ ቆመና ተናገረው። የተሳሳተ ዘይት አድርጌባታለሁ። የዲፈረንሻል ዘይት ነው፣ ቀለበቱን በልቶታል፣ ማርሹ እምቢ ያላት ለዚህ ነው፣ አጥፊው እኔ ነኝ። ልጁ የሰማችው ያኔ ነው፤ ከሌላው ሰው ጋር እኩል።

ቀጥሎ የሆነውን በደንብ ስሙት።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ፣ በትሕትና፣ በሰፈሩ በምን እንደሚታወቁ ጠየቀው። ካምቢዮ በመጠገን አለ። ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ጠየቀው። «ዝም አሰኚው» አለ። ከወንበሮቹ መካከል ሳቅ አመለጠ። በሠሩባቸው ዓመታት ዘይታቸውን የከሰሰ፣ ያማረረ ደንበኛ እንዳለ ጠየቀው። የለም። የልጅዎ ካምቢዮ ከአደጋው በፊት ድምፅ ነበረው? አልነበረውም። ባለሙያውም ተጠየቀ፤ ካምቢዮውን አልከፈተውም፣ በእጁ አዙሮታል፣ ምንም ዓይነት ድምፅ አልሰማም። ከውስጥ አንድ ነገር ቢሰበር ኖሮ ይሰማ ነበር አለ። ወፍራሙ ዘይት እዚያም ሥራውን እየሠራ ነበር፤ በፖሊስ ግቢ ተጨማድዶ በቆመ መኪና ውስጥ እንኳ ዝም ያሰኛል። ዝም አሰኚው ከፍታችሁ እዩት ብሎ ለመነ። የዳቦ መኪናውን ቀለበት ከኪሱ አወጣ። ያ ከሌላ መኪና የወጣ ነው ተባለ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና በለሰለሰ ድምፅ «አባት ነዎት። ይገባናል። ይቀመጡ» አሉት።

ያንን ርኅራኄ እኔ ይቅር አልለውም። ቢቆጡት ይሻል ነበር። ሰውዬው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ሲናገር ያስተባበለው ማነው? ስሙ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የሸጠው «ምንም» ነው ተሰልፎ የመሰከረበት። ውሸቱን በሳቅ አጅበን የተቀበልን ሰዎች እውነቱን በእንባ ሲያመጣው ፍቅር ነው ብለን መለስነው።

ልጅቷ ተፈረደባት። መንጃ ፈቃዷም ዳግም ላይሰጣት ተወሰደ። ፖሊሷ ይዛት ስትወጣ አባቷ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ልጅቷ ቆመች። አልጮኸችም፤ ፊቷ ላይ ያለው ነገር ከጩኸት ይብሳል ብለውኛል።

«እሁድ አምጪው ያልከኝ ለት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አንገቷን ነቀነቀች። «ሌሎቹስ?» አለችው።

«የቶቹ ሌሎቹ?»

«ሌሎቹ መኪኖች። ውስጣቸው አለ አይደል። እንግዲያው የነሱን አውጣ፣ አባዬ። የኔን ተወውና የነሱን አውጣ።»

ከዚያ ወሰዷት።

የተጨፈለቀው ሚኒባስ ሲለቀቅለት ብቻውን ካምቢዮውን አውርዶ ከፈተው። በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ያያችሁት ቀለበት ከዚያ የወጣ ነው። በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ፍርድ ቤቱ ሮጠ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት የባለሙያ ማረጋገጫ ይዘው ይምጡ አለችው። ባለሙያው ያው ያ ሰውዬ ነው። ያው ሰውዬ ሥራ በዝቶበታል።

በርሜሉን ከጋራዡ አስወጣው። ቦታው ላይ እስከ ዛሬ ክብ የዘይት ዱካ አለ። አሁን ሥራው ሌላ ነው። የሚያስታውሳቸውን መኪኖች ፈልጎ ማግኘት ነው። ድሮ በድምፃቸው ያውቃቸው ነበር፤ ድምፅ ስለነሳቸው አሁን በቀለማቸው፣ በተለጠፈባቸው ነገር፣ በሹፌሮቻቸው ፊት ነው የሚለያቸው። ታክሲ ተራ ይሄዳል። በመስኮት አንገቱን ያስገባል። ዘይቱን ላውጣልህ፣ ቀለበቱን ልይልህ፣ አልከፍልም በል፣ አትክፈለኝ ይላል። ዳቦ አከፋፋዩ ብቻ ነው ሁለተኛ መኪናውን ያመጣለት። ሌሎቹ ያዝኑለታል። አንዱ ባለታክሲ፣ ድሮ ዘይት ሱቁ ውስጥ ትከሻውን መታ መታ ያደረገው ራሱ፣ «ጋሼ፣ መኪናዬ ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ምን ይቀሰቅሱታል?» አለው። ሲሄድ ደግሞ ለጓደኛው ሐዘኑ ራሱን ነክቶታል ብሎ በጣቱ ጭንቅላቱን አሳየ።

ጎረቤቱ መካኒክ እንኳ አልሰነፈም። አጥሩ ላይ በትልልቁ «ካምቢዮ ዝም እናሰኛለን» ብሎ አጽፏል። ደጁ ላይ የቆሙት መኪኖች የማን ደንበኞች እንደነበሩ ልንገራችሁ? ዝም አሰኚው ማታ ማታ ጋራዡን ሲዘጋ በጎረቤቱ በር ፊት ለፊት ያልፋል። አያይም። ቁልቁለቱን ግን ያያል። የፋብሪካው ሰርቪስ የሚባሉት ሚኒባሶች ዛሬም ሴቶች ጭነው ይወርዳሉ፤ ከነሱ መካከል ሁለቱን፣ ምናልባትም ሦስቱን፣ በገዛ እጁ ሞልቷቸዋል። ሹፌሮቻቸው ሲያዩት ጡሩምባ ነፍተው ሰላም ይሉታል።

ልጅቷን ሊጠይቅ ሲሄድ ከዳቦውና ከሳሙናው በፊት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስንት አወጣህ? እሱም አይዋሻትም። ያንን ብቻ ከሕይወቱ ተምሯል። መልሱን ሰምታ ትቀመጣለች፤ ስለ ሌላ ነገር የሚያወሩት ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን እናንተን ልለምን። መለመን አላውቅበትም፣ ቁጣ ይቀናኛል፤ ግን ልለምን። ካምቢዮው ሲያላዝን ገብቶ ዝም ብሎ የወጣ መኪና ካላችሁ፣ በማን እጅ ይሁን፣ ዝምታው አያስደስታችሁ። ሁለተኛ ማርሽ ጠዋት ጠዋት እምቢ ካለች ሲሞቅ ይለቃታል አትበሉ። የመኪናችሁን መጽሐፍ ካለበት አውጡና የካምቢዮ ዘይት የሚለውን አንብቡ፤ መካኒኩ ሲቀዳ ቆርቆሮውን ከእጁ ተቀብላችሁ እዩት፤ ቢስቅባችሁ ይሳቅ። ከነዚያ መኪኖች አንዱ የናንተ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ቁልቁለቱን ከመውረዳችሁ በፊት፣ ወደ ሽማግሌው ጋራዥ አዙሩት። በሩ ክፍት ነው፣ ዘይት የሚቀበለው ባሊ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ቀለበቱን እዩለት። ዘይቱን ያውጣው። ለሱ ብላችሁ አይደለም፤ እስር ቤት ተቀምጣ ስንት አወጣህ ለምትለው ልጅ፣ እባካችሁ፣ አንድ ጨምሩላት።